ስትሪሚንግ ብቻ የሚያይ ቤት የቴሌቪዥን ፈቃድ መክፈል አለበት? የብሪታንያ ሕግ እና የሚደበዝዘው ድንበር

ብሪታንያ ውስጥ አዲስ ቤት ከተከራየ ሰው ደጃፍ ቀድመው ከሚደርሱት ፖስታዎች አንዱ የቴሌቪዥን ፈቃድ ደብዳቤ ነው። በተለምዶ «ቲቪ ላይሰንስ» የሚባለው ይህ ክፍያ በሚያዝያ 2025 በዓመት 174.50 ፓውንድ ሆኖ ነበር፤ እስከ 2027 መጨረሻም የዋጋ ንረትን ተከትሎ በየዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል። ገንዘቡ የቢቢሲ ዋና ገቢ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቢቢሲ የሚተዳደርበት ንጉሣዊ ቻርተር ታኅሣሥ 31 ቀን 2027 ያበቃል። መንግሥት በታኅሣሥ 2025 ስለ ተቋሙ ቀጣይ አደረጃጀትና ገቢ የውይይት ሰነድ አውጥቷል። ከዚያም በፊት በ2025 መጀመሪያ ላይ ስትሪሚንግ ብቻ የሚጠቀሙ ቤቶችንም ማስከፈል ከሚታዩት አማራጮች አንዱ መሆኑን ጋዜጦች ዘግበው ነበር። ስትሪሚንግ ማለት ፊልምን ወይም ፕሮግራምን በአንቴና ወይም በዲሽ ሳይሆን በኢንተርኔት መስመር እያወረዱ ማየት ነው።

ዘገባው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ሁለት መልክ ያዘ። አንዱ ወገን «ኔትፍሊክስ ያለው ሁሉ መክፈል ጀምሯል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቴሌቪዥን ከሌለህ፣ በስልክህ ብቻ ከሆነ የምታየው፣ አይመለከትህም» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ሰው የማይገባውን ሊከፍል ይችላል፤ ሁለተኛው ሳያውቅ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል።

ሕጉ የሚጠይቀው ስለ አጠቃቀሙ ነው

መነሻው በ2003 የወጣው የኮሙኒኬሽን አዋጅ አንቀጽ 363 ነው። ያለ ፈቃድ የቴሌቪዥን መቀበያ መትከልም ሆነ መጠቀም ወንጀል መሆኑን ይደነግጋል። «የቴሌቪዥን መቀበያ» ምን እንደሆነ የሚተረጉመው ግን በ2004 የወጣው ደንብ ነው። በደንቡ መሠረት መቀበያ የሚባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም አገልግሎትን ለመቀበል የተተከለ ወይም ለዚያ የዋለ ማንኛውም መሣሪያ ነው፤ ለሌላ ሥራ ቢውልም ባይውልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ 65 ኢንች ስክሪን ኔትፍሊክስ ለማየትና ለልጆች ጌም ብቻ ከዋለ በሕጉ ዓይን መቀበያ አይደለም። በአንጻሩ አውቶቡስ ላይ ኳስ በቀጥታ የሚታይበት ስልክ መቀበያ ነው። ስለዚህ «ቴሌቪዥን አለኝ ወይስ የለኝም?» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት «በዚህ ቤት ውስጥ ማን፣ ምን፣ መቼ ያያል?» ነው።

«የተተከለ» የሚለው ቃልም መታለፍ የለበትም። ከአንቴና ጋር ተያይዞ ጣቢያዎች የተፈለጉበት ቴሌቪዥን ማንም ባይከፍተውም ለመቀበል የተዘጋጀ ነው የሚል ክርክር ይቀርብበታል። ፈቃድ ላለመያዝ የወሰነ ቤት የአንቴናውን ገመድ ነቅሎ በሴቲንግ ውስጥ የተያዙትን ጣቢያዎች ቢያጠፋ ከከንቱ ሙግት ይተርፋል።

ሬዲዮ ለብቻው ነው። የሬዲዮ ፈቃድ በ1971 ስለቀረ ቢቢሲ ሬዲዮን በመሣሪያም ሆነ በቢቢሲ ሳውንድስ አፕ ማዳመጥ ምንም ክፍያ የለውም።

«ቀጥታ» ማለት ምንድን ነው?

ፈቃድ የሚያስፈልገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ማንኛውንም የቴሌቪዥን ፕሮግራም በሚተላለፍበት ሰዓት ማየት ወይም መቅዳት ነው። የጣቢያው ባለቤት ቢቢሲ ሆነ አልሆነ ለውጥ የለውም። ሁለተኛው የቢቢሲ የኢንተርኔት መመልከቻ የሆነውን አይፕሌየርን መጠቀም ነው፤ በቀጥታም ይሁን ካለፈ በኋላ።

ከዚህ ውጭ ያለው በተለምዶ «ኦን ዲማንድ» የሚባለው ነው፤ ተመልካቹ ራሱ በመረጠው ሰዓት ከፍቶ የሚያየው ማለት ነው። በኔትፍሊክስ፣ በዲዝኒ ፕላስ፣ በአማዞን ፕራይም፣ በአይቲቪኤክስ ወይም በቻናል 4 አፕ ላይ የተቀመጠ ፊልም ወይም ድራማ ማየት ፈቃድ አይጠይቅም። ቢቢሲ ሠርቶ ለኔትፍሊክስ የሸጠው ድራማም ኔትፍሊክስ ላይ ከታየ አይጠይቅም።

ችግሩ አሁን በአንድ አፕ ውስጥ ሁለት ሕግ ጎን ለጎን መኖሩ ነው። አይቲቪኤክስ ላይ ትናንት የታየውን ድራማ መክፈት ነፃ ነው፤ እዚያው ገጽ ላይ «ላይቭ» የሚለውን መጫን ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ኔትፍሊክስም ቢሆን ከጥር 2025 ጀምሮ የትግል ትርኢት የሆነውን ደብሊውደብሊውኢ ሮውን በየሳምንቱ በቀጥታ ያስተላልፋል። አማዞን ፕራይም ከ2024 የውድድር ዘመን ወዲህ የቻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታዎችን በብሪታንያ በቀጥታ ያሳያል። ለፕራይም ወርሃዊ ክፍያ መክፈል የቴሌቪዥን ፈቃዱን አይተካም። ማክሰኞ ማታ ጨዋታውን በቀጥታ የተመለከተ ቤት በዚያች 90 ደቂቃ ምክንያት የዓመት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሌሊቱን ጠብቆ ሙሉውን ጨዋታ በቅጂ ቢያይ ግን አያስፈልገውም።

«በሚተላለፍበት ሰዓት» የሚለው በሴኮንድ የሚለካ አይደለም፤ ደንቡ «በዚያው ሰዓት ወይም ለዚያ በተቃረበ ሰዓት» ነው የሚለው። በኢንተርኔት ሲመጣ ግማሽ ደቂቃ መዘግየቱ ነፃ አያወጣም። ያንኑ ፕሮግራም በአንድ ሰዓት ልዩነት የሚያሳዩት «ፕላስ 1» ጣቢያዎችም ቀጥታ ናቸው። ቀድቶ በሳምንቱ ማየትም መቅዳቱ ራሱ ፈቃድ ስለሚፈልግ መውጫ መንገድ አይሆንም።

ስለ አይፕሌየር አሮጌ መረጃ ይዘው የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። እስከ ነሐሴ 2016 ድረስ በአይፕሌየር ያለፉ ፕሮግራሞችን ማየት በእርግጥ ነፃ ነበር። መስከረም 1 ቀን 2016 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ያንን በር ዘጋው። በአይፕሌየር ላይ የቀረው ልዩነት የዌልስ ቋንቋ ጣቢያ የሆነው ኤስ4ሲ ያለፉ ፕሮግራሞች ብቻ ነው። የቢቢሲን ድረ ገጽ ማንበብና በውስጡ ያሉትን አጫጭር የዜና ቪዲዮዎች መክፈት ግን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቢቢሲ አማርኛም እንዲሁ።

አሁን ያሉት ስማርት ቴሌቪዥኖች ነገሩን ይበልጥ ያወሳስቡታል። ብዙዎቹ ሲከፈቱ መጨረሻ የታየውን ጣቢያ ወይም አምራቹ ያስገባውን ነፃ ጣቢያ በራሳቸው ይጀምራሉ። እንደ ሳምሰንግ ቲቪ ፕላስ ያሉት በፕሮግራም ሰዓት የሚሄዱ የኢንተርኔት ጣቢያዎች ስለሆኑ እነሱን ማየት ኦን ዲማንድ አይደለም። ሴቲንግ ውስጥ «ሲከፈት በራሱ ይጀምር» የሚለውን አጥፍቶ ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ወደ አፖች ገጽ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሲረሳ ግን ሪሞቱን ያነሳ ልጅ ቤቱን ሕግ ተላላፊ ሊያደርገው ይችላል።

የአገር ቤት ጣቢያዎች፣ ዩቲዩብ እና ሣጥኑ

በብሪታንያ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችን በተለይ የሚነካው ክፍል ይህ ነው። «ቢቢሲን አላይም፤ ኢቢሲን ወይም ፋናን ነው የማየው፤ ታዲያ ለምን ለቢቢሲ እከፍላለሁ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሕጉ ግን ፕሮግራሙ ከየት አገር መጣ ብሎ አይለይም። ከውጭ አገር የሚተላለፍ ጣቢያን በዲሽ፣ በአይፒቲቪ (ጣቢያዎችን በኢንተርኔት በሚያመጣ) ሣጥን ወይም በአፕ በቀጥታ ማየት ልክ ቢቢሲ 1ን እንደማየት ይቆጠራል። የገና ወይም የትንሣኤን ዋዜማ ፕሮግራም ከአዲስ አበባ ጋር እኩል የሚከታተል ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጣቢያው በማግስቱ ዩቲዩብ ላይ የጫነውን ቅጂ የሚያይ አያስፈልገውም።

የሣጥኑ ነገር የራሱ ጣጣ አለው። በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎችን በትንሽ ዋጋ የሚያቀርቡ ሣጥኖች ብዙዎቹ የባለ መብቶች ስምምነት የላቸውም። የቴሌቪዥን ፈቃድ መያዝ ያንን ሕጋዊ አያደርገውም። ሁለቱ የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው።

ዩቲዩብ ላይ ድንበሩ ይደበዝዛል። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በአየር የሚያስተላልፈውን በዚያው ሰዓት በዩቲዩብ ሲለቅ፣ ያንን ማየት በግልጽ ፈቃድ ይጠይቃል። አንድ ግለሰብ ስልኩን አቁሞ በላይቭ ከተከታዮቹ ጋር ሲወያይ ደግሞ ደንቡ ከሚጠቅሰው «የቴሌቪዥን ፕሮግራም አገልግሎት» ውስጥ ማስገባት ይከብዳል፤ የቪዲዮ ጥሪም እንዲሁ። በመካከል ያለው ግን ሰፊ ሜዳ ነው። ደብሩ የእሑድ ቅዳሴን በራሱ ገጽ ብቻ ቢያስተላልፍ ከግለሰቡ ላይቭ ጋር ይቀራረባል፤ ያው ቅዳሴ በዚያው ሰዓት በሳተላይት ጣቢያ የሚተላለፍ ከሆነ ግን ከቴሌቪዥን ጋር ይቆማል። መርሐ ግብር ወጥቶለት በየቀኑ በላይቭ የሚሄድ የዩቲዩብ ሚዲያስ የት ይመደባል? የ2004ቱ ደንብ ሲጻፍ ዩቲዩብ ገና አልተመሠረተም ነበር። የቃላቱ ጠባብነት ከዚያ የመጣ ነው፤ ጫናው ግን የሚወድቀው ደንቡን ባረቀቁት ሰዎች ላይ ሳይሆን በተመልካቹ ላይ ነው። መጠራጠር ካለ ላይቩ እስኪያልቅ ጠብቆ ቅጂውን መክፈት ከጥርጣሬ ውጭ ያደርጋል።

አንድ ፈቃድ ለማን ለማን ይበቃል?

ፈቃዱ የሚሰጠው ለአድራሻ ነው። ባልና ሚስት ከአምስት ልጆች ጋር ቢኖሩ፣ ስድስት ስክሪን ቢኖራቸውም፣ አንድ ይበቃቸዋል። ቤት ተጋርተው ለሚኖሩ ግን መልሱ በኪራይ ውሉ ላይ ነው። አራት ጓደኛሞች በአንድ ውል ላይ በጋራ ከፈረሙ አንድ ፈቃድ ይሸፍናቸዋል። እያንዳንዱ ለክፍሉ የተለየ ውል ካለው በየክፍሉ በቀጥታ የሚያይ ሰው የራሱን ማውጣት አለበት፤ ለጋራው ሳሎን አንድ ፈቃድ ብቻ ቢኖርም።

በዘመድ ቤት ክፍል ይዞ የሚኖር ሰው ከባለቤቱ ጋር የሥጋ ዝምድና ካለው በባለቤቱ ፈቃድ ይሸፈናል። ተማሪዎች ደግሞ ከወላጅ ቤት ርቀው ሲማሩ በወላጆቻቸው ፈቃድ መጠቀም የሚችሉት በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። መሣሪያው በራሱ ባትሪ የሚሠራና በሚታይበት ጊዜ ከመብራት መስመርም ሆነ ከአንቴና ጋር ያልተያያዘ መሆን አለበት። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ኳስ ከታየበት ሽፋኑ የለም።

ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ሁሉ ፈቃድ በነፃ ያገኙ የነበረው እስከ 2020 ነው። ከነሐሴ 2020 ወዲህ ነፃ የሚሆነው እነሱ ወይም አብሯቸው የሚኖረው የትዳር ጓደኛ ፔንሽን ክሬዲት የሚባለውን ድጎማ ካገኙ ብቻ ነው። ፔንሽን ክሬዲት ሳይጠየቅ አይመጣም። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ያሉት ቤተሰብ ከፈቃዱም በፊት ድጎማው እንደሚገባቸው ቢያጣራ የሚያገኙት ጥቅም ከፈቃዱ ዋጋ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ማየት ለተሳነው ወይም ዕይታው በከፍተኛ ደረጃ ለተዳከመ ሰው ክፍያው በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህም የሐኪም ማረጋገጫና ማመልከቻ ይጠይቃል።

ለማቆም የሚፈልግ ቤት ቅደም ተከተሉን ቢጠብቅ

በብዛት የሚሠራው ስህተት ባንክ ገብቶ ዳይሬክት ዴቢቱን (ክፍያውን በየጊዜው ከሂሳብ በራሱ የሚቆርጠውን ትእዛዝ) ማቋረጥ ነው። ባንኩ ክፍያውን ያቆማል፤ የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ግን «ፈቃድ ይዞ ያልከፈለ» ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ የውዝፍ ደብዳቤ ይከተላል።

መጀመሪያ ቤተሰቡ በሙሉ ይስማማ። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም አቁሞ ያ አንዱ ማታ ማታ ዜና በቀጥታ ካየ ቤቱ አሁንም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቀጥሎ አይፕሌየር ከቴሌቪዥኑም ከስልኮቹም ይውጣ፤ አንቴናው ይነቀል። ከዚያ በፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ «ፈቃድ አያስፈልገኝም» የሚለው ማሳወቂያ ይሞላ፤ ማረጋገጫው በኢሜይል ሲመጣ ይቀመጥ። ዳይሬክት ዴቢቱ መቋረጥ ያለበት ከዚህ በኋላ ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር የቀረው ፈቃድ ካለ ተመላሽ ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል። ሳያስፈልገው ሲከፍል የቆየ ሰውም ፈቃዱ ካበቃ ሁለት ዓመት ካላለፈው ጥያቄ ማቅረብ ይችላል።

ማሳወቂያው ዘላለማዊ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ይታደሳል። ማሳወቅ በሕግ ግዴታ ባይሆንም ካልተነገረ ደብዳቤው አይቆምም፤ እየቆየም ቃናው እየከረረ ይሄዳል። ደብዳቤዎቹ በቀይ ቀለም ቢጻፉም ክስ አይደሉም። የፍርድ ቤት ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የመክፈል አቅም ያጣ ሰው ማቆም ብቸኛ ምርጫው አይደለም። በወር በሚከፈለው አሠራር የመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ክፍያ በስድስት ወር ስለሚሰበሰብ በ2025ቱ ዋጋ በወር 29 ፓውንድ ገደማ ይወጣ ነበር። ብዙዎች የሚወድቁት በዚህ የመጀመሪያ ስድስት ወር ነው። ለተቸገሩ የተዘጋጀው ሲምፕል ፔይመንት ፕላን ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በ12 ወር ስለሚያካፍለው በዚያው ዋጋ በወር 14.54 ፓውንድ ያህል ይሆን ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱም መክፈል ይቻላል።

በር ሲንኳኳ እና ወረቀት ሲመጣ

ከፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የሚመጣው ሠራተኛ ፖሊስ አይደለም። ባለቤቱ ካልፈቀደ የመግባት ሥልጣን የለውም፤ ያለ ፈቃድ ለመግባት ከማጅስትሬት (የመጀመሪያ ደረጃ) ፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ ሊኖረው ይገባል። መታወቂያ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሩን የከፈተው ሰው ቋንቋውን በቅጡ ካልቻለ፣ ያልተረዳውን ጽሑፍ መፈረም የለበትም። ሠራተኛው የሚሞላው ቅጽ ተራ የጉብኝት ማስታወሻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ተጠያቂው የሰጠው ቃል ስለሚሰፍርበት በኋላ ማስረጃ ይሆናል። በእውነት ኦን ዲማንድ ብቻ የሚያይ ሰው ይህንኑ በአጭሩ መናገሩ ይበቃዋል።

በእንግሊዝና በዌልስ ክስ ሲመሠረት አብዛኛው የሚታየው በነጠላ ዳኛ ሥርዓት ነው። ይህ ማለት አንድ ማጅስትሬት ከሕግ አማካሪ ጋር ሆኖ፣ ችሎት ሳይሰየም፣ በወረቀት ብቻ የሚወስንበት አሠራር ነው። ተከሳሹ ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን መልስ መስጠት አለበት። ዝም ካለ በሌለበት ይፈረድበታል። ወረቀቱ ያልደረሰው ሰው ፍርዱን ባወቀ በ21 ቀን ውስጥ በቃለ መሐላ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ማድረግ ይችላል። ይህ መብት መኖሩን የማያውቁ ብዙ ናቸው።

ከፍተኛው መቀጮ 1,000 ፓውንድ ነው፤ የክስ ወጪና ሌላ ተጨማሪ ክፍያ ይከተለዋል። በጥፋቱ ምክንያት እስር የለም፤ የተወሰነበትን መቀጮ እያለው አልከፍልም ያለ ሰው ግን በዚያ ሊታሰር ይችላል። የዜግነት ማመልከቻ ላይ የፍርድ ቤት ቅጣት ስለሚጠየቅ እንዲህ ያለውን ቅጣት «ትንሽ ነገር ነው» ብሎ አለመጥቀስ ከቅጣቱ የከፋ መዘዝ ያመጣል፤ መደበቁ ራሱ የታማኝነት ጥያቄ ይሆናልና።

ከሚፈረድባቸው ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ሴቶች ናቸው። ቢቢሲ ራሱ ያስጠናው ግምገማ ምክንያቱን ሲያስረዳ በአንድ አዋቂ በሚተዳደሩ ቤቶች ውስጥ ሴቶች እንደሚበዙና በር ሲንኳኳ ቤት የሚገኙትም የሚከፍቱትም እነሱ እንደሆኑ ጠቅሷል። ሕጉ ቤትን ያስከፍላል፤ ቅጣቱ ግን በሩን በከፈተው ሰው ላይ ይወድቃል። ስለ ስትሪሚንግ በሚደረገው ክርክር ይህ ነጥብ ከገንዘቡ ያላነሰ ሊመዘን ይገባል።

ለምን አሁን ተነሣ?

በመጋቢት 2025 መጨረሻ የነበሩት ፈቃዶች 23.8 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው። ፈቃድ አያስፈልገንም ብለው ያሳወቁት ቤቶች 3.6 ሚሊዮን ያህል ደርሰዋል። ሕዝቡ ቢቢሲን መጠቀም አላቆመም፤ አብዛኛው ሰው በወር ውስጥ በሬዲዮ፣ በድረ ገጽ ወይም በቪዲዮ ያገኘዋል። የሚከፍለው እየቀነሰ የሚጠቀመው ካልቀነሰ ልዩነቱን የሚሸከሙት የቀሩት ከፋዮች ናቸው።

ስትሪሚንግ ያለው ቤት ሁሉ ይክፈል የሚሉት ወገኖች ከዚህ ይነሣሉ። ዜና፣ የልጆች ፕሮግራምና የውጭ ቋንቋ አገልግሎት ገበያ ብቻውን የማያቆማቸው የጋራ ጥቅሞች ናቸው ይላሉ። ለዚህ ቅርብ ምሳሌ አለን። ቢቢሲ አማርኛ፣ ትግርኛና አፋን ኦሮሞ በ2017 የተጀመሩት መንግሥት ለወርልድ ሰርቪስ (ለቢቢሲ የውጭ ስርጭት ክፍል) ማስፋፊያ በጨመረው ገንዘብ ነው፤ ወርልድ ሰርቪስ ግን በአብዛኛው የሚቆመው ከዚሁ ፈቃድ በሚገኝ ገቢ ነው።

ተቃዋሚዎች ደግሞ ሰው ላልተጠቀመበት አገልግሎት መክፈል የለበትም ይላሉ። ሚሊየነሩም የጽዳት ሠራተኛዋም እኩል የሚከፍሉት ወጥ ክፍያ ከድሃው ኪስ ይበልጥ እንደሚወስድም ያነሣሉ። ይህ ሁለተኛው ክርክር ከመጀመሪያው የጠነከረ ነው። ብዙ የጋራ አገልግሎት ሳንጠቀምበትም እንከፍልበታለን፤ መጠኑ ከገቢ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ክፍያ ግን ጥቂት ነው።

ሁለቱም ወገኖች የሚያልፉት አንድ አሠራራዊ እንቅፋት አለ። «ስትሪሚንግ የሚያይ ቤት» ማለት ምን ማለት ነው? ለኔትፍሊክስ የሚከፍል? በወንድሙ አካውንት የሚያይስ? ዩቲዩብ ይቆጠራል? ዩቲዩብ ከተቆጠረ ስማርት ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ስትሪሚንግ ተጠቃሚ ነው፤ ካልተቆጠረ ደግሞ ብዙ ወጣት የሚያየው ነገር ሁሉ ከሕጉ ውጭ ይቀራል። ትርጉሙን ለማስፋት የሚደረግ ሙከራ ሁሉ ሲገፋ መጨረሻው የኢንተርኔት ግብር ይሆናል፤ ስሙ «የቴሌቪዥን ፈቃድ» ቢባልም።

ሌሎች የሄዱበት መንገድ

ስዊድን ይህንን በተግባር አይታለች። የፈቃድ ሰብሳቢው ድርጅት በ2013 ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተርም መቀበያ ነው ብሎ ማስከፈል ጀመረ። በ2014 ጠቅላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ኮምፒውተር ለዚያ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ አይደለም ብሎ ሻረው። አገሪቱ ከ2019 ጀምሮ ፈቃዱን ትታ ከገቢ 1 በመቶ የሚወሰድ፣ ጣሪያ ያለው ክፍያ አደረገችው። ገቢ የሌለው አይከፍልም።

ጀርመን እስከ 2012 በመሣሪያ ታስከፍል ነበር። ከጥር 2013 ወዲህ መሣሪያ ይኑርም አይኑርም እያንዳንዱ መኖሪያ ይከፍላል፤ ከ2021 ጀምሮ በወር 18.36 ዩሮ ነው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2018 አሠራሩን ደግፎታል። ስለዚህ ጀርመን ውስጥ «ስትሪሚንግ ብቻ ነው የማየው» የሚለው መልስ ዋጋ የለውም። አንድ ሰው አድራሻውን ካስመዘገበ ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤው ይደርሰዋል። በአንድ ቤት አብረው የሚኖሩ ሰዎች አንዱ ከከፈለ ሌሎቹ የእሱን የከፋይ ቁጥር ጽፈው መመለስ ነው። የማኅበራዊ ድጎማ ወይም የጥገኝነት ጠያቂ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው ከክፍያው ነፃ የሚሆነው አመልክቶ ነው። ማመልከቻው እስከ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሠራ ውዝፍ የተጠራቀመበት ሰው የድሮ የድጎማ ወረቀቶቹን ሳይጥል ቢያቀርባቸው ብዙ ይቀንስለታል።

ጣሊያን ሦስተኛውን መንገድ ይዛለች። ከ2016 ጀምሮ ክፍያው ከመብራት ቢል ጋር ይመጣል፤ በዓመት 90 ዩሮ ሲሆን በአሥር ወር ተከፋፍሎ ይቆረጣል። መብራት ያለው ቤት ቴሌቪዥን አለው ተብሎ ይገመታል። የስርጭት መቀበያ የሌለው ስክሪን ወይም ኮምፒውተር ብቻ ያለው ቤት አይከፍልም፤ ነገር ግን ለግብር መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ማሳወቅ አለበት። ለሙሉ ዓመት ነፃ ለመሆን ማሳወቂያው እስከ ጥር 31 መግባት ይኖርበታል። አንዴ ሞልቶ በሁለተኛው ዓመት የረሳ ሰው ቢሉ ላይ 9 ዩሮ ተጨምሮ ያገኘዋል።

ፈረንሳይ በ2022 ክፍያውን ጨርሳ አስቀርታለች፤ የሕዝብ ጣቢያዎቿ አሁን ከተጨማሪ እሴት ታክስ በሚመደብ ገንዘብ ይሠራሉ። ለከፋዩ ቀላል ነው። ጣቢያዎቹ ግን በየዓመቱ የበጀት ውሳኔ ሥር ወድቀዋል።

ብሪታንያ ወዴት ልታዘነብል ትችላለች?

የብሪታንያ መንግሥት ቢቢሲን ከአጠቃላይ ግብር መደገፍን አልተቀበለውም፤ የፖለቲከኞች እጅ ይገባበታል የሚለው ስጋት ዋናው ምክንያት ነው። በታኅሣሥ 2025ቱ የውይይት ሰነድ የቀረቡት አቅጣጫዎች ፈቃዱን አሻሽሎ ማቆየት፣ ማስታወቂያን ማስገባትና ከፊሉን አገልግሎት በደንበኝነት መሸጥ ናቸው። ማስታወቂያ አይቲቪንና ቻናል 4ን ከሚመግበው ገበያ ይሻማል። ደንበኝነት ደግሞ በአንቴና የሚያዩ አረጋውያንን ያስቀራል፤ አንቴናው ያልከፈለን ሰው ለይቶ መዝጋት አይችልምና።

ክፍያው ወደ ስትሪሚንግ የሚሰፋ ከሆነ ንጹሑ መንገድ የጀርመኑ ነው፦ ትርጉም መለጠጥን ትቶ በቤት ማስከፈል፣ ድሃውን በግልጽ ነፃ ማድረግ፣ አለመክፈልንም ከወንጀል አውጥቶ እንደ ማንኛውም ዕዳ ማየት። የወንጀሉ ነገር ከ2015 ጀምሮ በተደጋጋሚ ተፈትሿል። በዚያ ዓመት በሕግ ባለሙያው ዴቪድ ፔሪ የተመራው ግምገማ አሁን ባለው አሰባሰብ የወንጀል ቅጣቱ እንዲቆይ መከረ። በ2020 መንግሥት ሕዝብን አወያይቶ በጥር 2021 ለጊዜው እንደማይነካው አስታወቀ።

ያኔ የተመዘነው ግን በቀጥታ ስርጭት ላይ የቆመ ሕግ ነው። ቤት የገባ ሠራተኛ ስክሪኑ ላይ ኳስ ሲተላለፍ ካየ ጥፋቱን በዓይኑ አይቷል ማለት ነው። ትናንት ማታ አንዲት እናት በስልኳ ኔትፍሊክስ መክፈት አለመክፈቷን ግን ከበሩ ላይ ቆሞ ማወቅ አይችልም። ለማወቅ ወይ ከኩባንያዎቹ የደንበኞችን ዝርዝር መቀበል፣ ወይ በሩን የከፈተችውን ሴት ቃል መመዝገብ ይኖርበታል።